የፋሲካ ክብደት

ይጁቤ፣ የካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽ አበባው እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ጾም ነው ብዬ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ወዲያው ባለመመለሴ አትቀየሚኝ። "በስልክ ለምን አይነግሩኝም?" ያልሽው እውነት ነው። ግን ጆሮዬ ስልክ እምቢ ካለ ቆየ፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ደግሞ የእኔንና የአንቺን ጉዳይ የይጁቤ ገበያ በሙሉ ይሰማዋል። ይኼኛውን ጉዳይ ለጊዜው ገበያ ባይሰማው ይሻላል። ስለዚህ ደብዳቤያችንን ሾፌሩ እንዳላማው በሚኒባሱ ያመላልስልን።

"በቅሎዋ ምን ሆነች?" ብለሻል። አልሞተችም። ዓይኗ ፈዘዘና ባለፈው ወር እኔን እንደተሸከመች ቁልቁለቱ ላይ ተንበረከከች። እሷ በራሷ ተነሣች፤ እኔን ለማንሣት ግን አራት ሰው አስፈለገ። አሁን ባላገር ዘመዳችን ዘንድ መስክ ላይ ናት፤ እሷስ ጡረታዋን አገኘች።

ችግሩ የእኔ ነው። ከቤቴ እስከ ኪዳነ ምሕረት ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ። በእግሬ ስነሣ ጉልበቴ አጋማሹ ላይ ይለግማል። ባጃጁ ቤንዚን ያገኘ ቀን ይመጣል፣ ያላገኘ ቀን ይቀራል። እኔ እስክደርስ ተማሪዎቼ ፀሐይ ሲሞቁ ያረፍዳሉ። ባለፈው እሑድ የደብሩ ሽማግሌዎች በጨዋ ደንብ አስቀመጡኝና "የኔታ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ መላ ካልፈለጉ ሌላ መምህር ልናስመጣ ነው" አሉኝ። አልተቆጣሁባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ግን ድጓውን ግማሽ ያደረሱ ልጆች ጥዬ ቤት ብቀመጥ ምን እሆናለሁ?

እንግዲህ አትሳቂ። ብስክሌት እፈልጋለሁ። አንቺና አበባው ከምትሸጡትና ከምትጠግኑት ለአባትሽ የሚሆን አንድ አታጡም። በመንገዱ ሲያልፉ የማያቸው አሉ፤ መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ። እነሱን የመሰለ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አባትሽ መሪጌታ ወልደ ሰንበት


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። እኔ አልሳቅኩም። አበባው ግን የበግ ቀንዱ ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ይቅር ይበሉት።

ፊት ለፊት ልንገርዎ፤ ለእርስዎ ብስክሌት መሥራት አልፈልግም። የምፈልገው እዚህ እኔ ዘንድ እንዲመጡ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያንን ቤት ብቻዎን ከፍተው ብቻዎን ይዘጉታል። የደም ግፊት ኪኒንዎን የሚውጡት እትዬ ሥራነሽ ከጎረቤት ተጣርታ ስታስታውስዎ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢወድቁ እንዳላማው እስኪያልፍ ማን ያይዎታል? ይህን እያሰብኩ መፍቻ በእጄ ይዤ መፍቻ እፈልጋለሁ።

ስለ ብስክሌቱ የጠየቁኝን ልመልስ። ያ የወደዱት ኮርሳ ይባላል። ለውድድር የተሠራ ነው፤ ጎማው እንደ ጣት ቀጭን፣ የሚነዱትም ልጆች ከነላባቸው ስልሳ ኪሎ አይሞሉም። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ቀድሞ የሚሰበረው የኋላው ቸርኬ ነው። ክቡን ብረት ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች አይተዋቸዋል፤ ራጂ እንላቸዋለን። ሸክሙን የሚችሉት እነሱ ናቸው። አንዷ ስትሰበር የእሷ ሸክም በጎረቤቷ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይሄዳሉ።

ለእርስዎ የሚሆነው የድሮው ኮርሳ ነው። ሰው ከባድ ነው ብሎ የሚንቀው፣ አካሉ ሙሉ ብረት የሆነ፣ ሰፋ ያለ ጎማ የሚቀበል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የማያሳፍር። እንዲህ ያለ አንድ አለን። የኋላው ቸርኬ ግን በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ ከመቶ ኪሎ በላይ አይችልም።

ስለዚህ እንዋዋል። ሚዛን ላይ ይውጡና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። ከመቶ በታች ከሆኑ አፌን ይዤ ሠርቼ እልካለሁ። ከመቶ በላይ ከሆኑ፣ ወይም በኋላ አንዲት ራጂ ብትሰበር፣ ጉባኤውን ለሌላ መምህር ሰጥተው ወደ ማርቆስ ይመጣሉ። ቃልዎን እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ትሕትና


ይጁቤ፣ መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ትሕትናዬ፣

ደብዳቤሽን እንዳላማው ከዘይት ጄሪካን ሥር መዝዞ ሰጠኝ፤ እንደምንም ተነበበ። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። አባትሽ ቃል ሰጥቶ ያጠፈበትን ቀን ካወቅሽ ንገሪኝ።

"መንዳትስ ይችላሉ?" ብለሽ በእንዳላማው ለላክሽብኝ፣ ደምበጫ ቅኔ ስማር ሳለሁ የአንድ ነጋዴ ብስክሌት እየተዋስኩ ገበያውን አቋርጥ ነበር። ፈረሶቹ ይደነብሩብኝ ነበር እንጂ እኔስ አልወደቅኩም። ያኔ እርግጥ የሰው ግማሽ ነበርኩ።

ስለ ክብደቴ፣ ሞላ ያልኩ ሰው ነኝ። አባቴም እንዲሁ ነበሩ። ድምፅ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ቀጭን መሪጌታ ማኅሌት ላይ ቆሞ ሲያዜም ከበሮው ይውጠዋል። ቁጥሩን ግን አላውቀውም። ጤና ጣቢያው ያለው የሰው ሚዛን ላይ ለመውጣት አፈርኩ፤ ነርሷ የተማሪዬ እኅት ናት፣ እስከ ማታ በየጎጆው ይወራል።

"ማርቆስ ቢመጡ ምን ይጎድልብዎታል?" ብለሽም ልከሽብኛል። ምንም አይጎድልብኝም። ልጄ አለች፣ ሆስፒታል አለ፣ ሊቃውንቱም ሞልተዋል። የሚጎድለው እኔን የሚፈልግ ሰው ነው። አንቺ ትወጂኛለሽ፤ መውደድና መፈለግ ግን ይለያያሉ። እዚህ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቁኝ አሉ፤ ስሕተታቸውን እኔ ካልሰማሁላቸው እንደተሳሳቱ የሚቀሩ። ይህን የጻፍኩት ልብሽን ልሰብር ሳይሆን ስለጠየቅሽኝ ነው።

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው።

አባትሽ


ይጁቤ፣ የሕማማት ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ትሕትና፣

ሳምንቱ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም፤ ለትንሣኤ አስቀምጪልኝ።

ደጋግመሽ የጠየቅሽኝ ቁጥር ይኸውልሽ። ዛሬ እህል ነጋዴው ገብረ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። ጤፍ የሚመዝንበት ትልቅ የመሬት ሚዛን አለው። ገበያተኛው እስኪሳሳ ጠብቄ ወጣሁበት። እሱም የጤፍ ጆንያ እንደሚያይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየና "ዘጠና ስምንት፣ ከነጋቢዎ" አለ። ወርጄ እንደገና ወጣሁ፤ ያው ዘጠና ስምንት። "የኔታ፣ ኩንታል ሊሞሉ ሁለት ኪሎ ቀረዎት" ብሎ ሊስቅ ሲል ሳምንቱ ትዝ አለውና አፉን ያዘ።

ከመቶ በታች ነኝ። አክፍሎቱ ገና ስለሚቀረኝ እንዲያውም ከዚህም እቀልላለሁ። እንግዲህ ተራው የአንቺ ነው።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባቴ፣

እንኳን ብርሃነ ትንሣኤውን በሰላም አሳየዎት። ያስቀመጡልኝን ሰላምታ ከነወለዱ ተቀብያለሁ።

ብስክሌቱ እንዳላማው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ እየመጣልዎ ነው። "ምን አስዘገየሽ?" ብለው ልከውብኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የኋላውን ቸርኬ ሁለቴ አፍርሼ ሠራሁት። ራጂ የሚጠብቀው በመፍቻ ነው፤ ልኩን የምታውቀው ግን ጆሮ ናት። በጣቴ መታ መታ ሳደርጋቸው የላላችው ትጎረናለች፣ የከረረችው ትጮሃለች። ሁሉም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ እመላለስባቸዋለሁ። አበባው በመሣሪያ ነው የሚለካው። እኔ ግን እርስዎ ተማሪ ሲያርሙ ከግድግዳው ጀርባ ቁጭ ብዬ ያደግኩ ነኝ፤ የሳተች ድምፅ ከሩቅ ትሰማኛለች።

ጎማውን በየሳምንቱ ይንፉት፤ ፖምፓው ከአካሉ ጋር ታስሯል። ጋቢዎን ወደ ላይ ሰብስበው ያገልድሙ፤ ካቴናው ከያዘው አይለቅም። ድንጋይ ሲያዩ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይበሉ፣ ሸክሙን ጉልበትዎ ይቀበለው። የመጻሕፍቱን ከረጢት ከኋላ ሳይሆን ከፊት ያስሩት።

ውላችንን አይርሱ። እኔ ድርሻዬን ፈጽሜአለሁ። ባልወደውም በደንብ ነው የሠራሁት።

ልጅዎ ትሕትና


ይጁቤ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ፣

"ተመቸዎት ወይ?" ብለሻል። ተመችቶኛል እንጂ። መጀመሪያ ቀን በገበያው ሳልፍ አንዲት አሮጊት አማተቡ። ሁለተኛ ቀን ልጆች ተከተሉኝ። በሦስተኛው ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ኪዳነ ምሕረት የምደርሰው ከተማሪዎቼ ቀድሜ ነው። ሽማግሌዎቹም ሌላ መምህር የማስመጣቱን ነገር እንዳቆዩት ነግረውኛል። ቁልቁለቱን ስወርድ ነፋሱ ጢሜን ለሁለት ሲከፍለው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ኩራት ይለኛል።

"ራጂዎቹ ደህና ናቸው?" ብለሻል። ይዘምራሉ።

"ለልደታ የት ዋሉ?" ላልሽው፣ ማኅበርተኞች ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ብዙም አልበላሁ፤ ሆዴ እምቢ አለ። ሥራነሽ የላከችውን ዶሮም ለተማሪዎቹ ሰጠኋቸው። ተስገብግበው ሲበሉ ማየት ራሱ ያጠግባል።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባቴ፣

እንዳላማው ትናንት ሱቅ መጥቶ ነበር። በቀትር ዋርካው ሥር ብስክሌቱን አጋድመው፣ ራስዎን በእጅዎ ይዘው ተቀምጠው አገኘዎት። ላድርስዎ ቢልዎ "እያረፍኩ ነው፣ ሂድ" አሉት። እትዬ ሥራነሽም ልካብኛለች። የምታመጣው ወጥ እንዳለ ወደ ተማሪዎቹ ይሄዳል። ድግስ ቤት ቁራሽ ቆርሰው ይነሣሉ። ሰዉ መሪጌታ በበዓለ ሃምሳ ይጾማሉ እያለ ማማት ጀምሯል።

በሃምሳው ቀን ጾም እንደሌለ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታመው ነው? ሐኪም የነገረዎትና የደበቁኝ ነገር አለ? እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። አልቆጣም።

ትሕትና


ይጁቤ፣ ግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ትሕትና ልጄ፣

ይቅር በይኝ። አልታመምኩም። ርቦኝ ነው።

ብስክሌቱ በደረሰ በሳምንቱ ጠጠሩ ላይ አንዲት ራጂ ጧ ብላ ተሰበረች። ገብረ ሚካኤል ሚዛን ላይ ብወጣ መቶ ስድስት ሆኜ ተገኘሁ። የፋሲካ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በየቤቱ በግ ታርዷል፣ መሪጌታ ሳይቀምስ የሚወጣበት ደጃፍ የለም፣ ለሁለት ወር የራቀው ቅቤ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ውላችን ትዝ አለኝ። ብነግርሽ ጉባኤዬ ሊያበቃ ነው። ስለዚህ የተሰበረችውን በሽቦ አሰርኩና ወደ ዘጠና ስምንት ልመለስ ብዬ ተነሣሁ። ራጂዎቹ ይዘምራሉ ያልኩሽ ጊዜ አንዷ ዝም ካለች ቀናት አልፈው ነበር።

ይህ ጾም አይደለም፣ ልክ ማስተካከል ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የነፍስ አባቴ ሰምተው አስጠሩኝ። "ወልደ ሰንበት፣ ይህ ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለብስክሌት?" አሉኝ።  ሌላውን ሰው በዚህ ወራት አትጹም እያልኩ እገሥጻለሁ፤ እኔ ግን በትንሣኤው ወር ሆዴን አስሬ የማስተምርበትን ድምፅ እንኳ አጣሁት። ዜማው ከፍ ሲልብኝ ዓይኔ ይጨልማል።

ትናንት ሁለተኛዋም ተሰበረች። ከዚህ በላይ አልዋሽሽም። "አሁንስ ምን አሰቡ?" ብለሽ ለእንዳላማው ለነገርሽው መልሱ አጭር ነው፤ ቃሌ ቃል ነው። የኋላውን ቸርኬ ፈትቼ ልኬልሻለሁ። መጻሕፍቴን ሣጥን ውስጥ መክተት ጀምሬአለሁ። ለሽማግሌዎቹ ነግሬአቸዋለሁ። ለልጆቹ ግን አልነገርኩም፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ አንዱ፣ ስንት ጊዜ አርሜው እምቢ ያለውን ዜማ፣ ሳላስበው ቀጥ አድርጎ አዜመው። እኔም ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

አንቺ ጥፋት የለብሽም። እመጣለሁ።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባቴ፣

መጻሕፍትዎን ከሣጥኑ ያውጡ። አይመጡም።

"ውላችንስ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ውሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሚዛኑ ላይ የወጡት በሕማማት ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ስንት ኪሎ ነዎት ብዬ ስጠይቅ፣ በየትኛው ወር ብዬ አልጠየቅኩም። እናቴ የሁዳዴና የፋሲካ እያለች ሁለት ዓይነት ሱሪ ታስቀምጥልዎ አልነበር? እሷ ብትኖር ይህን አትስተውም ነበር። እኔ ለሁዳዴው ሰው ሠርቼ ለፋሲካው ሰው ላክሁ።

አዲሱን ቸርኬ የሠራሁት ለፋሲካው ወልደ ሰንበት ነው። እቃ ከሚጫንበት ብስክሌት የወሰድኩት ወፍራም ብረት ነው፤ ራጂዎቹም ወፍረዋል፣ በዝተዋልም። ልፈትነው ብዬ እኔና አበባው አንድ ላይ ተቀምጠንበት ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ሄድንበት። የማርቆስ ባጃጆች በሙሉ ጡሩምባ ነፉብን፤ ቸርኬው ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለታችን ተደምረን ከእርስዎ እንበልጣለን፣ በጥቂት ቢሆንም።

አንድ ያልነገርኩዎት አለ። ከጥምቀት ወዲህ ጓሮ ያለውን ክፍል ለእርስዎ አስለስኜው ነበር። አናጢም ጠርቼ አልጋ አሠርቻለሁ፤ በወፍራም ጣውላ፣ ስምንት እግር ያለው። እንዳላማው ብስክሌቱ አጠገብ ተቀምጠው እንዳገኘዎት ሲነግረኝ ደነገጥኩ። "ራጂዋ ተሰበረች" የሚለውን ሳነብ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ይመጡልኛል አልኩ። ቀጥዬ ለምን እንዳልበሉ አነበብኩ፤ ቸርኬውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሱቁ ውስጥ እንደልጅ አለቀስኩ። እንዳይወድቁብኝ ብዬ ያሰርኩት ውል ነው እዚያ ዋርካ ሥር ያስቀመጥዎት። አባቴን በፍቅር ስም በትንሣኤው ወር አስራብኩ። ይፍቱኝ።

ክፍሉን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላከራየው ነው። አልጋው ከቸርኬው ጋር እየመጣልዎ ነው፤ እዚያው ይተኙበት። ከእንግዲህ የምጠይቅዎት ኪሎዎን አይደለም። እትዬ ሥራነሽ የምታመጣውን ይብሉ፣ ኪኒኑን ይዋጡ፣ ያስተምሩ።

ልጅዎ ትሕትና


ይጁቤ፣ ሰኔ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

እንደምን አለሽ? እኔ በልቻለሁ። ከሰላምታዬ አስቀድመሽ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው።

አልጋሽን ለማስገባት የበሩን መቃን መንቀል አስፈለገ። ተማሪዎቹ ተሸክመው ሲገቡ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ሥራነሽም "የኔታ ሊያገቡ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። መቃኑን መልሰን መትተነዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋ ሳይጮህብኝ አደርኩ። ቸርኬውንም አስገብቼ ትናንትና ዛሬ ተመላልሼበታለሁ። ለሽማግሌዎቹ እንደምቆይ ነገርኳቸው፤ ለልጆቹ ግን ምንም የምነግራቸው ስለሌለ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ወደ ትምህርታችን ገባን።

"ተቀየሙኝ ወይ?" ብለሽ በእንዳላማው የላክሽብኝን ግን ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ። አባቱን የሚፈልግ ልጅ ምን ይበድላል? ያን ደብዳቤዬን፣ መውደድና መፈለግ ያልኩበትን፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አንቺ ትወጂኝም ትፈልጊኝም ነበር፤ እኔ ነኝ ለይቼ ያየሁት።

ክፍሉን ለተማሪዎቹ አከራዪው፤ ውል ስትዋዋያቸው ግን ለረዥም ጊዜ አታድርጊው። እነዚህ ልጆች ድጓውን ሲጨርሱ ወይም ዳገቱ እኔን ሲጨርሰኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ራሴ እመጣለሁ። ያኔ ሌላ አልጋ ታሠሪልኛለሽ፤ ይኼኛው ከዚህ ቤት አይወጣም።

አባትሽ ወልደ ሰንበት